በአማቴ ፊት ያልተናገርኩት ደም

የጄኔራል ሳይንስ መምህርት ነኝ። ሆሳዕና ውስጥ በአንድ ትምህርት ቤት ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል አስተምራለሁ። የሴት ተማሪዎች ክበብ ተጠሪም እኔው ነኝ። ሴቶቹን ለብቻ ሰብስቤ የወር አበባ ተፈጥሮ እንጂ ነውር እንዳልሆነ፣ መሸማቀቅ እንደማያስፈልግ፣ ከበዛም ለእናት ወይም ለመምህርት መንገር እንደሚገባ ሳስረዳ ድምፄ አይንቀጠቀጥም። ሰሌዳ ላይ ማህፀን እስላለሁ፣ የሚስቁትንም እገሥጻለሁ። ይህን አስቀድሜ የማነሳው እንድታመሰግኑኝ አይደለም። የሚቀጥለውን ስታነቡ "ስላልተማረች ነው" ብላችሁ እንዳታልፉኝ ነው። ተምሬያለሁ፣ አስተምራለሁም፤ ያንኑ ነገር ሐኪም ሲጠይቀኝ ግን አፌ ተሳስሮ ልሞት ነበር።

ሕመሙ በትንፋሽ ጀመረኝ። ከቤቴ እስከ ትምህርት ቤቱ አንዲት ዳገት አለች። ድሮ ከተማሪዎቼ ጋር እያወራሁ የምወጣት ዳገት፣ ቀስ በቀስ መሃሏ ላይ ሳልቆም የማልጨርሳት ሆነች። ሰው እንዳያውቅብኝ ቆሜ ስልክ የማናግር እመስል ነበር። ማንም በሌለበት ስልክ "እሺ፣ እሺ፣ ነገ እንነጋገራለን" እላለሁ፣ ለዚያውም ትንፋሼ እየተቆራረጠ። አንድ ቀን እንዲሁ ሳወራ ስልኩ ጆሮዬ ላይ እንዳለ ጠራ። በአጠገቤ ያልፉ የነበሩ ተማሪዎች ሳቃቸውን አፍነው ሲሮጡ አየሁ። እኔም ሳቅሁ፤ ቤት ስገባ ግን አለቀስኩ።

ማታ ማታ ትራስ ደራርቤ ካልተደገፍኩ መተንፈስ አልችልም ነበር። ድካም ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ሁለት ልጆች አሉኝ፣ ባሌ መለሰ ደቡብ አፍሪካ ነው። ለሆሳዕና ሰው ይህን ማብራራት አያስፈልግም፤ እዚያ ሰው የሌለው ቤት ጥቂት ነው። መለሰ ሱቅ ይሠራል፣ ይደውላል፣ ይልካል። ቤቱን የያዝነው እኔና አባቱ ነን።

ክሊኒኮቹን ላውራችሁ። የመጀመሪያው ጨጓራ ነው አለኝ። ሁለተኛው ታይፎይድና ታይፈስ አንድ ላይ አገኘብኝ፤ እኛ አገር ክሊኒክ ገብቶ ታይፎይድ ሳይገኝበት የወጣ ሰው ካለ ይንገረኝ። ሦስተኛው አስም ብሎ በአፍ የሚነፋ መድኃኒት ሰጠኝ። ስነፋው ልቤ ይበልጥ ድው ድው ይላል። አንዱ ጋ ደረቴን ሲወጋኝ ዳይክሎ የሚባል የሕመም ማስታገሻ መርፌ ወጋኝ። ሌላው ደሜን መርምሮ ደም አንሶሻል አለኝና የብረት እንክብል ሰጥቶ ጉበትና ቀይ ሥር ብዪ ብሎ መከረኝ። ደሙ የት ሄዶ አነሰ ብሎ የጠየቀኝ የለም። ቢጠይቀኝም የምነግረው አልነበረም፤ ስለዚህ ባለሙያ የመውቀስ መብት ያለኝ አይመስለኝም።

ደሙ የት እንደሚሄድ እኔ አውቅ ነበር። ከልጅነቴ ጀምሮ የወር አበባዬ የሚመጣው እንደ ሰው አልነበረም። ከሳምንት በላይ ይቆያል፣ ልብስ ያልፋል፣ አንዳንዴም ፍራሽ ድረስ ይዘልቃል። ጥርስ ስነቀል አፌ ውስጥ ጥጥ ይዤ ነበር ያደርኩት። ሁለተኛ ልጄን ወልጄ ደሙ አልቆም ብሎ ሞቼ ነው የተመለስኩት። እናቴም እንደዚያው ነበረች። ያደግሁባት ሆመቾ ሳለን፣ ልጅ ሆኜ፣ "ያንቺም እንደኔው ነው፣ ቻይው" ብላኛለች፤ ከዚያ በላይ አልተነጋገርንም። የመጨረሻ ወንድሜን ስትወልድ ደም ፈሷት ሞተች። ሳይንስ ተምሬ እንኳን እነዚህን ነገሮች አገናኝቼ አላውቅም። ሁሉም ሴት የሚያየው፣ እኔ ላይ ትንሽ የበዛ ነገር ይመስለኝ ነበር። ቁርጠቱን ለማስታገስ ከፋርማሲ የምገዛው ኪኒን ደግሞ ደሙን የሚያበዛ ዓይነት እንደነበር ያወቅሁት በኋላ ነው።

በመጨረሻ ሆስፒታል የገባሁት ክፍል ውስጥ ወድቄ ነው። ከእኔ ቀጥሎ ሊያስተምር የመጣው የሒሳብ አስተማሪ ከሴት ተማሪዎች ጋር አንስቶ ወንበር ላይ አስቀመጠኝ። ሆስፒታል አንዲት ሐኪም የማዳመጫ መሣሪያዋን ደረቴ ላይ አድርጋ ብዙ ቆየች። ከዚያ ልጅ ሳለሁ ጉሮሮዬን ያመኝ እንደነበር ጠየቀችኝ። ቶንሲል ያላመመው ልጅ ማን አለ? በደንብ ያልታከመ የጉሮሮ ሕመም ውሎ አድሮ የልብን በሮች ሊያበላሽ እንደሚችል አስረዳችኝ። ቫልቭ የሚባሉት እነዚህ በሮች ደም ወደፊት ብቻ እንዲሄድ ይከፈታሉ፣ ይዘጋሉ። የእኔ አንዱ በር ጠብቦ፣ በደንብም አልዘጋ ብሎ፣ ደሙ ወደ ሳንባዬ ይመለስ ነበር። በየዓመቱ ለልጆች በሥዕል የማሳየው በር ነው። ቀዶ ሕክምና እንደሚያስፈልገኝ ነግራኝ አዲስ አበባ ወዳለው የልብ ሕክምና ማዕከል ጻፈችልኝ።

አሁን ስለ አማቴ መናገር አለብኝ። በእኛ በሀዲያዎች ዘንድ ምራት የአማቷን ስም አትጠራም፤ ስለዚህ ስማቸውን እዚህም አልጠራም። ልጆቼ አባባ ይሏቸዋል፣ እኔም አባባ እላቸዋለሁ። ሆመቾ ወፍጮ ቤት ነበራቸው። አማቴ ባለቤታቸው ካረፉ በኋላ ወፍጮውን ሸጠው ከእኛ ጋር ሆሳዕና መኖር ጀመሩ። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው፣ ቁጥብ ናቸው፣ ሲስቁ እንኳ ባርኔጣቸውን አፋቸው ላይ ያደርጋሉ። እናቴ በአማቷ ፊት እህል አትቀምስም ነበር። እኔ በዚህ በኩል ዘመናዊ ነኝ፣ አብረን እንበላለን፣ ዜና እያየን እንከራከራለን። ስለ ሰውነት ግን ትንፍሽ አልልም። የውስጥ ልብሴን እሳቸው በማያልፉበት በጓሮ በኩል ነው የማሰጣው። ራሴን ሲያመኝ እንኳ "ትንሽ ደክሞኛል" እላለሁ እንጂ የት እንዳመመኝ አልናገርም።

አዲስ አበባ ማን ይዞኝ ይሂድ ሲባል እህት የለኝም፣ ወንድሞቼ ሥራ ላይ ናቸው፣ መለሰ የመኖሪያ ወረቀቱ ስላላለቀ ከወጣ መመለስ አይችልም። አባባ የሻንጣቸውን ዚፕ እየዘጉ "እኔ እያለሁ ማን ፍለጋ ነው?" አሉ። ልጆቹን ለጎረቤታችን ሰጥተን ተነሳን።

ሚኒባሱ ወራቤን እንዳለፈ ወሩ መጣብኝ። ቀኑ ገና ነበር፣ ጭንቀቱ ይሆናል። ቡታጅራ ስንደርስ ሰው ሁሉ ሻይ ሊጠጣ ሲወርድ እኔ አልወርድም አልኩ። አዲስ አበባ መናኸሪያ ስንገባ ግን መውረድ ግዴታ ሆነ። ቀሚሴና የወንበሩ ጨርቅ ምን እንደሆነ ታውቆኛል። ሁሉም እስኪወርድ ጫማዬን የማስር መስዬ አጎንብሼ ቆየሁ። ቀና ስል አባባ በሩ ላይ ቆመው ወደ ውጭ እያዩ ነው። ፊታቸውን ሳያዞሩ ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አውርደው በእጃቸው ወደ ኋላ ዘረጉልኝ። "ብርድ ነው፣ ልበሺው" አሉ። እኩለ ቀን ነበር፣ ሰው በፀሐይ ጃኬቱን አውልቆ ይሄዳል። ጋቢውን ወገቤ ላይ ጠምጥሜ ወረድኩ። ረዳቱ ወንበሩን አይቶ ሲያጉረመርም ሰማሁ፤ አባባ ወደ እሱ ተመልሰው የሆነ ነገር በእጁ ሲያስይዙትም አየሁ። ምድር ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ስለዚያ ቀን አንዳችን ለአንዳችን አንድም ቃል አልተነፈስንም።

ማዕከሉ ውስጥ ወረፋው ረጅም ነበር። ከየአገሩ የመጣ ሰው ጥላ ፍለጋ ግድግዳውን ተደግፎ ይውላል። ከንፈራቸው የጠቆረ ሕፃናት፣ ከእኔ የሚያንሱ እናቶች፣ ሰውነቱ አብጦ ጫማ የማይገባለት ጎልማሳ። እዚያ ነው ወይዘሮ አማረችን ያወቅኋት። ከሀደሮ ልጇን ለማሳከም የመጣች እናት ናት። እሷ በከምባትኛ፣ እኛ በሀዲይኛ አፋችንን የፈታን ስለሆንን በአማርኛ ነበር የምንጫወተው። አገራችን ሳለን የማንቀራረብ ሰዎች እዚያ ዘመድ ሆንን። ከያዘችው ቆሎ ሳታካፍለኝ የዋለችበት ቀን የለም።

ተራዬ ደርሶ ከአባባ ጋር ገባሁ። አስታማሚ አብሮ ይግባ ይባል ነበር። ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ትሑት፣ በፍጥነት የሚናገር። ስለ ትንፋሼ ጠየቀኝ፣ መለስኩ። ስለ ልጅነት ሕመሜ ጠየቀኝ፣ መለስኩ። ከዚያ ሳያስጠነቅቅ፣ የቁርሴን ያህል ቀለል አድርጎ፣

"ስትቆረጪ ደምሽ ቶሎ ይቆማል? የወር አበባሽስ ይበዛል? ስትወልጂ ብዙ ደም ፈሶሽ ያውቃል?" አለኝ።

አባባ የራጅ ፖስታውን ጉልበታቸው ላይ ይዘው ከእኔ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ተቀምጠዋል። እሳቸው ጣሪያውን ያያሉ።

"የለም" አልኩ። "ደህና ነው።"

"ሁሉም ደህና ነው? በቤተሰብስ የሚደማ ሰው?"

"የለም።"

ጽፎ ወደሚቀጥለው አለፈ። አባባ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። የሆነ ነገር ሊናገሩ መስሎኝ ነበር፤ አልተናገሩም፣ እኔም ተመስገን አልኩ። ያን "ተመስገን" ሳስታውሰው እስከ ዛሬ ሰውነቴ ይሸማቀቃል። አምላክን ያመሰገንኩት ውሸቴ ስለተሳካልኝ ነበር። በኋላ ብቻዬን ተመልሼ ልነግረው እችል ነበር። ነርሷ ሴት ናት፣ ለእሷ ልነግራት እችል ነበር። የደም ምርመራው ውጤት መጥቶ ደህና ነው ሲባል ግን ይኸው፣ ምንም የለብኝም ብዬ ጭራሽ ተውኩት።

የማላውቀው ነገር ይህ ነበር። በልብ ቀዶ ሕክምና ጊዜ ልብን ለማቆም ደሙ በማሽን ውስጥ እንዲዞር ይደረጋል፤ ማሽኑ ውስጥ እንዳይረጋ ደግሞ በመድኃኒት ያቀጥኑታል። ሲጨርሱ ደሙ ወደ መርጋቱ እንዲመለስ ሌላ መድኃኒት ይሰጣሉ። ጤነኛ ሰው ላይ ይመለሳል። ከተፈጥሮው ደሙን የሚያረጋው ነገር ያነሰው ሰው ግን አይመለስለትም። የእኔ ዓይነቱ ችግር በተለመደው የደም ምርመራ ብዙ ጊዜ አይታይም። የሚታወቀው በመጠየቅ ነው። ወጣቱ ሐኪም የጠየቀኝ ለወጉ አልነበረም።

የቀዶ ሕክምናው ዋዜማ ፈርቼ ነበር። የፈራሁት ግን መሞትን ብቻ አይደለም፤ ራቁቴን በወንዶች ፊት መተኛትን ነበር። ጠዋት ሲወስዱኝ አባባ በር ድረስ ሸኙኝና እጃቸውን ራሴ ላይ አድርገው በሀዲይኛ ጸለዩልኝ። ከዚያ በኋላ ያለውን እኔ አላውቅም። የነገሩኝን ነው የምጽፈው።

ልቤ በደህና ተሠራ። ሐኪሞቹ የብረት ቫልቭ ሊተኩልኝ አስበው ነበር፤ ሲከፍቱት ግን የራሴን መጠገን እንደሚቻል አይተው ጠገኑት። ጉዱ የፈላው ጽኑ ሕሙማን ክፍል ከገባሁ በኋላ ነው። ደረቴ ላይ በተተከሉት ቱቦዎች የሚፈሰው ደም አልቆም አለ። መልሰው ወሰዱኝና ደረቴን ዳግም ከፈቱት። የሚደማ የተቆረጠ ቦታ ቢፈልጉ የለም። ደሙ ከየቦታው እንደ ላብ ነበር የሚወጣው። የተዘጋጀልኝ ደም አለቀ። አንዱ ሐኪም ወደ ቤተሰብ መጠበቂያው ወጥቶ የእኔን አስታማሚ ጠራ።

ይህን የነገረችኝ ወይዘሮ አማረች ናት። ልጇ በዚያው ሳምንት ወረፋ ይዞ ስለነበር እሷም እዚያው ክፍል ተቀምጣ ነበር። ክፍሉ በሰው ሞልቷል። ሐኪሙ ከዚህ በፊት ደም አልቆም ብሏት የሚያውቅ ከሆነ በፍጥነት እንዲነግሩት አባባን ጠየቀ። አባባ ተነሱ፣ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

"ልጄ የነገረቻችሁ እውነት አይደለም" አሉ። "እኔ ስላለሁ አፍራ ነው። ደሟ ይበዛል፤ በየወሩ ሰው ሳይነሳ አንሶላ ታጥባለች። ሁለተኛውን ልጅ ስትወልድ አልቆም ብሎ እኔው ነኝ ተሸክሜ ሆስፒታል ያደረስኳት። ወደዚህ ስንመጣም መኪና ላይ ፈሷታል። እናቷም በወሊድ ደም ነው የሞተችው። የምታደርጉት ካለ አድርጉ።"

ሐኪሙ ሌላ ሳይጠይቅ እየሮጠ ተመለሰ። አባባ ቁጭ ብለው ባርኔጣቸውን ፊታቸው ላይ ደፉ። ሰማንያ ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸው፣ የመዝሙር መጽሐፍ እንኳ ድምፅ ከፍ አድርገው የማያነቡ ሰው፣ የምራታቸውን የወር ደም ለማያውቁት ሕዝብ ተናገሩ።

ከዚያ በኋላ ሕክምናው መልኩን ቀየረ። ደም የሚያረጋው ንጥረ ነገር ያለበትን የደም ክፍልና ደም እንዲረጋ የሚያግዝ መድኃኒት ፈልገው ሰጡኝ። አባባ ደግሞ ስልካቸውን አውጥተው ለሚያውቁት ሁሉ ደወሉ። ከሆሳዕና፣ ከዱራሜ፣ ከአንጋጫ ወጥተው አዲስ አበባ የሚሠሩ ልጆች፣ ቀለም ቀቢው፣ ባጃጅ ነጂው፣ የመዘምራኑ ቡድን፣ ደም ሊሰጡ መጡ። እንዲህ እንዲህ እያለ ቆመ።

ስነቃ አፌ ውስጥ ቱቦ አለ፣ መናገር አልችልም። ነርሷ በእርጥብ ጨርቅ ሰውነቴን ስታጥብ፣ ሽንቴ በቱቦ ሲወርድ፣ ደረቴን ማንም መጥቶ ገልጦ ሲያይ፣ ምን ቀረኝ አልኩ። ያን ሁሉ ዘመን የሸሸግሁት ገላ ገበያ ላይ እንደተዘረጋ ጨርቅ ሆነ። ነርሷ ይህን ያወቀች ይመስለኛል፤ አባባ ለጥየቃ ሲገቡ ቀድማ አንሶላውን እስከ አንገቴ ትስብልኝ ነበር። ስሟን ሳልጠይቅ ወጣሁ፤ ይቆጨኛል።

አባባ ምን እንዳደረጉ የሰማሁት ወደ ተኝቶ ታካሚዎች ክፍል ከተዛወርኩ በኋላ ነው። ወይዘሮ አማረች ልታስደስተኝ መስሏት ነገረችኝ፤ እኔ ግን ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞርኩ። የመጀመሪያ ስሜቴ ምስጋና አልነበረም፤ እውነቱን ነው የምጽፈው። አንሶላ ሳጥብ ያዩኝ ነበር ማለት ነው። ማለዳ ሁሉ ተኝተዋል ብዬ ስሹለከለክ እሳቸው በመስኮት ያውቁ ነበር። አሁን ደግሞ ሁሉም አወቀ። መሞት ይሻለኝ ነበር ብዬ አሰብኩ። ይህን ሐሳብ ካሰብኩ በኋላ ነው የበለጠ ያፈርኩት፤ ሁለት ልጆች ቤት እየጠበቁኝ፣ ሰው በደሙ አትርፎኝ፣ እኔ ስለ አንሶላ እጨነቃለሁ።

ከመውጣታችን በፊት የወጣቱ ሐኪም አለቃ የሆነችው ሐኪም ቁጭ ብላ አስረዳችኝ። ቮን ዊልብራንድ የሚባል ከቤተሰብ የሚወረስ የደም አለመርጋት ችግር ሳይሆን አይቀርም አለች፤ ናሙናው ውጭ አገር ተልኮ ቆይቶ ተረጋገጠ። ብዙ ሴቶች ይዘውት ሳያውቁ ይኖራሉ፣ ይወልዳሉ፣ አንዳንዶቹም በወሊድ ይሞታሉ። ይህን ስትል እናቴ በዓይኔ ላይ መጣች። የብረት ቫልቭ ቢገባልኝ ኖሮ ዕድሜዬን ሙሉ ደም ማቅጠኛ መዋጥ ነበረብኝ፤ ከዚህ ችግር ጋር እንዴት እንደሚሆን እግዚአብሔር ነው የሚያውቀው። ዳይክሎም አስፕሪንም እንዳልነካ፣ ለማንኛውም ሐኪም አስቀድሜ እንድነግር፣ ልጆቼንም እንዳስመረምር አዘዘችኝ። አልተቆጣችኝም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ሆሳዕና ስንመለስ ጠያቂው ቤት ሞላ። "እንኳን እግዚአብሔር ማረሽ" ይላሉ፣ ምን ሆነሽ ነበር ይላሉ። "ልቤን ነው" እላለሁ፤ እውነት ነው፣ ግማሹ። እኔና አባባ ግን ዓይን ለዓይን መተያየት አቃተን። እኔ ሳሎን ስገባ እሳቸው የሚሠሩት ነገር ትዝ ብሏቸው ይወጣሉ። ምግቤን መኝታ ቤት መብላት ጀመርኩ። ዘመናዊ ነኝ ያልኩት ሴትዮ፣ እንደ እናቴ ሆኜ አረፍኩት።

አንድ ከሰዓት በኋላ በረንዳ ላይ ብቻቸውን አገኘኋቸው። ብዙ ቀን ስለማመድ የቆየሁትን ተናገርኩ፣ ስላሳፈርኩዎ ይቅርታ ያድርጉልኝ አልኳቸው። መጀመሪያ ስለ ገብስ ዋጋ ሊያወሩኝ ሞከሩ። እኔ አልሄድ ስል ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ።

"አላፈርኩም ብል ውሸት ነው" አሉ። "ግን በተናገርኩት አይደለም። ልጁ ሐኪም መጀመሪያ ሲጠይቅሽ እንደዋሸሽ አውቄያለሁ። እኔም አብሬሽ ዝም አልኩ። አንቺ አማትሽን አፍረሽ ነው፤ እኔ ሽማግሌው ምን አፍሬ ነው? ያ ነው እንቅልፍ የሚነሳኝ።"

አጠገባቸው ተቀመጥኩ፣ እስኪመሽ መንገደኛውን አየን። ከዚያን ዕለት ጀምሮ አብረን መብላት ቀጠልን።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ እንዴት ደስ ባለኝ። ትልቋ ልጄ ምሕረት ሕፃን ሳለች አፍንጫዋ ይነስራት ነበር፤ ሙቀት ነው እያልን ውኃ እናፈስባት ነበር። ከአዲስ አበባ እንደተመለስን ላስመረምራት ቀጠሮ ልይዝ ነበር፣ ሳገግም፣ ትምህርት ሲዘጋ፣ ሲከፈት እያልኩ ቆየሁ። አንድ ማለዳ ጓሮ ወጥቼ የትምህርት ቤት ጉርዷ ባልዲ ውስጥ ተነክሮ፣ ውኃው ቀልቶ አገኘሁት። ምሕረት በእኔ ክበብ ውስጥ ናት። ፊት ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ ጥያቄ ስጠይቅ ቀድማ እጇን የምታወጣ ልጅ ናት። ከጀመራት ወራት ሆኗታል፣ ለእኔ አልነገረችኝም። ለምን ስላት "አንቺም አትነግሪም ነበር" አለችኝ። ከእኔ የተማረችው ሰሌዳ ላይ የጻፍኩትን አልነበረም።

በማግስቱ ሆስፒታል ሄድን። አባባ ሐኪም ቤት መሄድ የእኔ ሥራ ነው ብለው ተከተሉን። የሚያየን ሐኪም አዲስ ተመራቂ ነው። ሦስታችንም ጎን ለጎን ተቀመጥን። ስለ አፍንጫዋ ጠየቃት፣ መለሰች። ከዚያ የወር አበባዋ ይበዛ እንደሆነ ጠየቃት።

ምሕረት በዓይኗ ጥግ አያቷን አየች።

"ደህና ነው" አለች።

አባባ ባርኔጣቸውን አንስተው ሊወጡልን ከወንበራቸው ተነሱ።

"አባባ፣ ይቀመጡ" አልኳቸው። ከቀዶ ሕክምናው ዋዜማ ይልቅ ፈርቻለሁ። ወደ ሐኪሙ ዞርኩ። "ደህና አይደለም። የወር አበባዋ ይበዛል፣ ልብስ ያልፋል። እኔም እንደዚሁ ነኝ፣ ደሜ ቶሎ አይረጋም፣ በዚህ ምክንያት ደረቴ ሁለተኛ ጊዜ ተከፍቷል። እናቴ በዚህ ነው የሞተችው። ስንት ቀን እንደሚቆይባት አላውቅም፤ ደብቃኛለች።"

አባባ ተቀመጡ። ሐኪሙ ወደ ምሕረት ዞረ። አንገቷን አላቀናችም፤ ግን ሁላችንም በሰማነው ድምፅ፣

"ዘጠኝ ቀን ይቆያል" አለች። "ክፍል ውስጥ ወንበር ላይ ፈሶብኝ ያውቃል።"

ሐኪሙ ብዕሩን እንደያዘ እኛን ያያል።

"ጻፈው እንጂ፣ ልጄ" አሉት አባባ።